ለአዛውንት ወላጅ ሰፈር ስንመርጥ
(በሬዲዮ ከቀረበ ትምህርት ለመጽሔት የተዘጋጀ)

 

 ስለ ወላጆች ሐቅ ከተነጋገርንበት ዝግጅት በኋላ ብዙ ሰዎች ደውለውልን ነበር። ከደዋዮቹ የበዙት የጠየቁን ስለ ሐዲስ ሰነድ ወይም ስለ አንቀጽ ትርጉም አልነበረም። «እናቴን ከክፍለ ሀገር ላመጣት ነው፤ ኡስታዝ፣ የት ሰፈር ይሻላታል?»፣ «አባቴ ብቻቸውን ሆነዋል፤ እኛ ጋ እንዳይመጡ ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው» የሚሉ ጥያቄዎች ነበሩ። አንዳንዱ ሰው ይህ ለደላላ የሚቀርብ ጥያቄ እንጂ ለኢማም የሚቀርብ አይደለም ሊል ይችላል። እኛ ግን እንዲያ አናየውም። ወላጅን ማክበር በቃል ብቻ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ የሚኖሩበት ቤት ደረጃው ስንት እንደሆነና ጠዋት ሲወጡ ማን ሰላም እንደሚላቸው ሁሉ ይገባበታል።

አላህ (ሱ.ወ.) በአል-ኢስራእ ምዕራፍ፣ ወላጆቻችን ሲያረጁ የመሰልቸት ቃል እንኳ እንዳንናገራቸው ያዘዘበትን አንቀጽ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በዚያ አንቀጽ ውስጥ «ዒንደከ» የምትል አንዲት ቃል አለች። «አንተ ዘንድ» ማለት ነው። እርጅና የሚያገኛቸው ልጆቻቸው ዘንድ ሆነው ነው ማለት ነው። እንግዲህ እኛ ዘንድ ሲያረጁ፣ የእኛ ዘንድ ምን ዓይነት ቦታ ነው? የዛሬው ውይይታችን መነሻ ይህ ነው። የምንኖረውና የምናሰግደው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ስለሆነ ምሳሌዎቻችንን ከዚያው እንወስዳለን።

ነገሩን ከራሳችን ጉድለት ብንጀምር ይሻላል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ እናታችን ከብዙ ሰው ጋር ወጥተው እኛ ዘንድ መጡ። ያን ጊዜ ቤታችን ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ከተማዋ ከተረጋጋች በኋላም አባታችን በሕይወት ስለሌሉና እህቶቻችን በትዳር ስለተበተኑ ተመልሰው ብቻቸውን እንዳይኖሩ ለመንናቸው፤ እሺ አሉን። እኛም የወላጅ ሐቅ ተወጣን ብለን ደስ አለን። ጥሩ አልጋ ገዛን፣ ብርድ ልብስ አልበስን፣ ቴሌቪዥን ከፈትን።

እናታችን ግን በሳምንት አንድ ቀን እንኳ መውረድ አቃታቸው። ደረጃውን ቆጥረነዋል፤ 72 ነው። ጉልበታቸው ለመውረዱ ቢታዘዝ ለመውጣቱ እምቢ ይላል። አንድ ቀን፣ እኛ መስጂድ፣ ባለቤታችን ሥራ ቦታ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ ስኳራቸው ወርዶ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቁ። ከዙህር እስከ ዐስር እዚያው ቆዩ። ከላይም ከታችም ከጎንም ሰው ነበር፤ የሰማ ግን የለም። አልሐምዱሊላህ፣ አጥንት አልተሰበረም። ማታ አጠገባቸው ስንቀመጥ የተናገሩት ቃል ግን እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። «ልጄ፣ ቤታችሁ ጥሩ ነው። ግን ሰው ሲረግጥ እሰማለሁ እንጂ የሰው ፊት አላየሁም» አሉን።

በማግስቱ ቤት ፍለጋ ጀመርን።

እዚህ ላይ የጀሞ ሰዎች እንዳይቀየሙን አንድ ነገር እንበል። ጀሞ ሰው የሚዋደድበት ሰፈር ነው። ቡና አለ፣ እድር አለ፣ የሕፃናት ጨዋታ አለ፣ ለመርካቶም ለሜክሲኮም መኪና አይታጣም። ችግሩ የሰፈሩ ሳይሆን የፎቁ ነው። የከተማው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር ብዙዎቹ ሕንፃዎች ያለ ሊፍት ባለ አራት ፎቅ ሆነው የተሠሩት ወጪ ለመቆጠብ ነው። ዕጣ የወጣለት ወጣት ባለ ትዳር ያኔ አልከበደውም። ዛሬ ግን ያ ወጣት ራሱ ወደ ሃምሳው እየተጠጋ ነው፤ ወላጁም ሰባ አልፏቸዋል። ስለዚህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለመቆየት የምትፈልጉ፣ ከጎረቤት ጋር ተስማምቶ ፎቅ መለዋወጥ ወይም የራስን አከራይቶ ታች መከራየት የሚቻል ነገር መሆኑን አትርሱ። ታችኛው ወለል ሲባልም ዝም ብሎ መግባት አይገባም። ብዙ ቦታ ሱቅ ሆኗል፤ የፍሳሽ መስመር ሲዘጋ መጀመሪያ የሚገነፍለውም እዚያ ነው። በእኛ አስተያየት ለአዛውንት የሚሻለው አንደኛ ፎቅ ነው። ከአራተኛ ፎቅ የሚለይበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ግፊቱ ሲደክም ላይኛው ቤት ሳይደርሰው ይቀራል። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ለሚያደርግ ሽማግሌ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጸጥታና ጭርታ

ፍለጋ ስንጀምር ለደላላው «ጸጥ ያለ ሰፈር» ብለን ነበር። ወደ ለቡ ወሰደን። ለቡን የማያውቅ አድማጭ ካለ፣ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር መነሻ ጣቢያ ያለበት አካባቢ ነው። ወላጆቻቸው ድሬዳዋ ላሉ ሰዎች ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ ዘመድ ከባቡር ወርዶ በቅርብ ይደርሳል። ያየነው ቤት ግቢው ሰፊ፣ ደረጃ የሌለው፣ መጸዳጃው ውስጥ የሆነ፣ አየሩም የተስማማ ነበር። እንጦጦ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ሲሆን ከተማዋ ወደ አቃቂ ስትወርድ 2 ሺህ 1 መቶ ሜትር ግድም ትሆናለች። የደቡቡ ሰፈር ከሰሜኑ ሞቅ የሚለው በዚህ ነው፤ መገጣጠሚያ ለሚያማቸው ሰዎች ልዩነቱ ይታወቃል።

እናታችንን ይዘን ሄድን። ቤቱን ወደዱት። ከዚያ ወደ ጎረቤት እንሂድና ሰላም እንበል አሉ። ልማዳቸው ነው። ሦስት በር አንኳኳን። በአንደኛው ውሻ ጮኸ። በሁለተኛው ዘበኛ በጠባቧ በር ብቅ ብሎ «ባለቤቶቹ የሉም» አለን። ሦስተኛው አልተከፈተም። ግንቡ ከሰው ቁመት በላይ፣ ከግንቡ በላይ ደግሞ የሽቦ አጥር ነበር። እናታችን ወደ መኪናው እየተመለሱ «እዚህ ብሞት ማን ይሰማል?» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። በርግጥ ለቡ ሁሉ እንዲህ ነው አንልም፤ ሕዝበ ሙስሊሙ ተሰባስቦ ሌሊት ጭምር የሚጠያየቅበት መንደርም እዚያው አለ። ያ መንገድ ግን እንዲያ ነበር።

ያን ቀን የተማርነው ጸጥታና ጭርታ አንድ አለመሆናቸውን ነው። ጸጥታ ማለት ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ጩኸት አለመኖሩ ነው። ጭርታ ማለት ቀን ላይ ሰው አለመኖሩ ነው። ለወጣት ጭርታ እረፍት ሊሆን ይችላል፤ ሥራ ውሎ የሚመጣ ስለሆነ። ለሽማግሌ ግን ጭርታ እስር ነው። በተቃራኒው ሳሪስን ተመልከቱ። ነባር ሰው አለው፣ ገበያ አለው፣ ሁሉም በስሙ ይተዋወቃል። ነገር ግን ወደ ቃሊቲ የሚወስደው ዋና መንገድ ጭነት መኪና አያጣውም፤ ከመንገዱ አጠገብ የተከራየ ሰው ሌሊቱን ከመኪናው ጋር ነው የሚያድረው። ሁለት መንደር ያህል ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ያው ሳሪስ ሌላ ነው። ስለዚህ የሰፈር ስም ይዞ መወሰን ስሕተት ነው፤ መንገድ በመንገድ መታየት አለበት።

(ንፋስ ስልክ የሚለው ስም አባቶቻችን ገመድ የሌለውን መገናኛ የጠሩበት ነው። በሬዲዮ ስለዚሁ ክፍለ ከተማ ስናወራ ስሙን ያለ ፈገግታ መጥራት ይቸግረናል።)

የሰፈርን ጸጥታ ለማወቅ አንድ ጊዜ ሄዶ ማየት አይበቃም። እኛ ሦስት ጊዜ ሄደናል። ከሱብሂ በኋላ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከዚያም ቅዳሜ ማታ። ጠዋት ጸጥ ያለው ቦታ ቀን ላይ የብረታ ብረት ቤት ሆኖ ይገኛል፤ ቀን ጸጥ ያለው ቅዳሜ ማታ መጠጥ ቤቱ ሲከፈት ይለያል። ቄራ አካባቢ ከሆነ ደግሞ ነፋሱ ወደ የት እንደሚነፍስ፣ ከትንሹ አቃቂ ወንዝ አጠገብ ከሆነ በበጋ ሽታው ምን እንደሚመስል ሰው ጠይቁ። ስለ ድምፅ ማጉያም መነጋገር አለብን፤ ሌላውን ብቻ እየወቀስን የራሳችንን ልናልፍ አይገባም። አዛን ሌላ ነገር ነው። ከአዛን ውጭ ግን ትምህርትና ማስታወቂያ በውጭ ማጉያ ስንለቅ በዙሪያው የታመመና ያረጀ ሰው እንዳለ ማሰብ ግዴታችን ነው። በእኛ መስጂድ ከግድግዳው ማዶ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ልጃቸውን ልከው እስኪነግሩን ድረስ አላስተዋልነውም ነበር።

መስጂድ ምን ያህል ይቅረብ?

ብዙ ሰው «መስጂድ አጠገብ ይሁን» ይላል። መልካም ነው። ነገር ግን በኑ ሰሊማ የተባሉት የመዲና ሰዎች ቤታቸው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ርቆባቸው ወደ መስጂዱ ሊዛወሩ ባሰቡ ጊዜ፣ ነቢዩ ባሉበት እንዲቆዩና እያንዳንዱ እርምጃቸው እንደሚጻፍላቸው መናገራቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የመዲና ዳርቻ ባዶ እንዲሆን አልወደዱም። ከዚህ የምንረዳው ቅርበት ብቻውን መለኪያ አለመሆኑን ነው። ለአዛውንት አባት የሚበጀው በእግሩ ሳይደክም የሚደርስበት፣ ግን ሲሄድ ሲመለስ ሰው የሚያገኝበት መንገድ ነው። የምንለካው በሜትር ሳይሆን በእሳቸው እርምጃ ነው። ይዛችኋቸው ሂዱ፤ የት ላይ ቆመው እንደሚተነፍሱ እዩ። መንገዱ ኮብልስቶን ከሆነ ደግሞ በዝናብ ጊዜ ሂዱበት። ለመኪና ጥሩ የሆነው ድንጋይ ለከዘራ ይንሸራተታል።

መስጂዱንም ግቡበት። የውዱእ ቦታው መቀመጫ አለው? ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሰግድ ሰው ቦታ ይሰጠዋል? ለእናቶች ከሆነ የሴቶች መስገጃ የት ነው? እኛ በምናሰግድበት መስጂድ የሴቶች ቦታ ፎቅ ላይ ነው፤ መወጣጫው ጠባብ ነው፣ መደገፊያም አልነበረውም። እናታችን ካላማረሩ በቀር ዘመናችንን ሁሉ ሳናየው እንኖር ነበር። አሁን መደገፊያ ተሠርቶለታል። ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል ሰላት ሲያስረዝም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የገሠጹት ከኋላው ሽማግሌ፣ ደካማና ጉዳይ ያለበት ሰው እንደሚሰግድ አስታውሰው ነው። ስለዚህ ኢማሙ ሰላት ያስረዝም እንደሆነም ጠይቁ፤ ኢማም ሆነን እንዲህ ስንል አታስቁብን።

«ከቤቱ በፊት ጎረቤቱን» የሚለውን አባባል ብዙዎች ሐዲስ ነው ብለው ያቀርቡታል። የሐዲስ ሊቃውንት ሰነዱ ደካማ መሆኑን ገልጸዋል፤ በዐረቦች ዘንድ ግን የታወቀ አባባል ነው፤ ትርጉሙም ትክክል ነው። መልካም ጎረቤትና ሰፊ ቤት ከሰው ልጅ ደስታ ምክንያቶች መሆናቸው ደግሞ በሌላ ሐዲስ መጥቷል። አንዳንድ ወንድሞች ግን ይህንን ሲሰሙ «ሙስሊም ብቻ የሚኖርበት ሰፈር» ብለው ይተረጉሙታል። በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ ሰፈር መፈለግ አድካሚ ነው፤ አያስፈልግምም። ሰሓባው ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር በግ ባሳረዱ ጊዜ ለአይሁዳዊ ጎረቤታቸው መድረሱን ደጋግመው ጠይቀዋል። የወሎ እናቶች ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሯቸው ያውቁታል። በኮንዶሚኒየም የጋራ መገልገያ ቤት ውስጥ ዛሬ የአንዱ ዒድ፣ ነገ የሌላው ፋሲካ የሚስተናገደው ተነጋግሮ ነው። መፈለግ ያለብን ሰላምታ የሚመልስና የታመመ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ይህን ለማወቅ የእኛ ዘዴ ቀላል ነበር። ወደ ሰፈሩ ሱቅ ገብተን ውኃ እየገዛን «እዚህ ሰፈር አሮጊት የሚባሉት እነማን ናቸው?» ብለን እንጠይቃለን። ባለ ሱቁ ሦስት አራት ስም ወዲያው ከጠራ፣ የአንዷን ጉልበት ሕመምና የሌላዋን የልጅ ልጅ ከጨመረበት፣ ሰፈሩ ሰው ያውቃል ማለት ነው። «እኔ አላውቅም፣ አዲስ ነኝ» ካለ ሌላ ሱቅ እንሞክራለን። ሁለተኛውም እንዲሁ ካለ እንተወዋለን።

እድርን የሚመለከተውን ነገር ልጆች አናስበውም፤ ወላጆቻችን ግን ከሁሉ በፊት የሚያስቡት እሱን ነው። እናታችን ደሴ ሳሉ የቅሬ አባል ነበሩ። በወሎ ቅሬ የሚባለው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሲሞት አብሮ የሚቆፍርበት፣ ንፍሮ የሚቀቀልበት ማኅበር ነው። ጀሞ ከመጡ በኋላ ሌሊት ሌሊት የሚያስጨንቃቸው «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» የሚለው እንደነበር ያወቅነው ዘግይተን ነው። እኛ ኢማሙ ልጃቸው፣ ጀማዓው በሙሉ ኮልፌ የሙስሊም መካነ መቃብር ድረስ እንደሚሸኛቸው እናውቃለን። እሳቸው ግን በስማቸው የተጻፉበት መዝገብ ነበር የፈለጉት። ስለዚህ ሰፈር ስትመርጡ የእድሩን ዳኛ አግኙ። አዲስ ገቢ ስንት ይከፍላል? ዕድሜ ይገድባሉ ወይ? ክፍያው ከስንት ወር በኋላ ይጸናል? የድሮውንም እድር ቢያንስ አንድ ዓመት አታቋርጡባቸው።

በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ከፒያሳና ከካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ምክንያት የተነሱ ቤተሰቦችን ስንጎበኝ ከሽማግሌዎቹ የሰማነው ከቤቱ ይልቅ ስለ እድራቸውና ስለ ቡና ተጣጪዎቻቸው ነበር። አዲሱ ቤት ውስጡ መጸዳጃና ውኃ አለው፤ አርባ ዓመት አብሮ የኖረው ሰው ግን አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ሆኗል። እነሱ ሳይመርጡ ነው የሄዱት። እኛ መምረጥ የምንችል ሰዎች ይህን ልናስብበት ይገባል።

የወረቀት ጉዳይ

ይህን ክፍል ባጭሩ እናልፈዋለን፤ ግን አትናቁት። ርካሽ ቤት ያገኘ ሰው ካርታውን ይጠይቅ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በዚሁ ክፍለ ከተማ በሐና ማርያምና በአካባቢው ሕጋዊ አይደሉም የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ የሰው ሕይወት ጭምር ጠፍቷል፤ ብዙ ቤተሰብ በዝናብ ሜዳ ላይ ወድቋል። አዛውንት ወላጅን እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ማስገባት በዕድሜያቸው መጨረሻ እንደ መፈናቀል ነው። አካባቢው መንገድ ወይም ልማት የሚነካው መሆን አለመሆኑንም ወረዳው ላይ ጠይቁ። ለተከራዮች የምሥራች የሆነው በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ነው። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል፤ ኪራይም አከራይ በፈለገ ቁጥር አይጨመርም። ለሽማግሌ ሁለት ዓመት ሳይነቀሉ መቀመጥ ትልቅ ነገር ነውና ውሉን ሳታስመዘግቡ አትግቡ። መሸኛ ከድሮው ወረዳ ማውጣትና የጤና መድኅን አባልነትን ማዛወርም ቶሎ መሠራት አለበት። ደም ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው በየወሩ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ጤና ጣቢያው በእግር ወይም በአንድ ባጃጅ የሚደረስ ይሁን። ባጃጅን ብቻ ግን አትመኑ፤ በ2015 ዓ.ም. ለተወሰነ ጊዜ ሲታገዱ ከዋናው መንገድ ርቀው የሚኖሩ ሽማግሌዎች ምን ያህል እንደተቸገሩ አይተናል። ከፍ ላለ ሕክምና ከጀሞ በኩል ላሉ አለርት፣ ከሳሪስ በኩል ላሉ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይቀርባሉ።

የእናታችንን ነገር እንጨርስ። አምስት ወር ፈልገን መካኒሳ ውስጥ አንድ ነባር ግቢ አገኘን። የጀሞውን ቤት አከራይተን ሁላችንም ተዛወርን። ቤቱ ከጀሞው ያረጀ ነው፤ ጣሪያው በክረምት ያፈሳል፤ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ራቀ፤ ባለቤታችንም በየቀኑ አንድ ተጨማሪ ታክሲ ትይዛለች። ይህን ሁሉ ተሸክማ እሺ ያለችው እሷ መሆኗን ሳንናገር ብናልፍ ሐቅ መደበቅ ይሆናል። አከራያችን አዛውንት ክርስቲያን ናቸው፤ ከእናታችን በሁለት ዓመት ያንሳሉ፤ ጉልበታቸውንም እንደ እናታችን ያማቸዋል። በመጀመሪያው ሳምንት እናታችን ከደሴ ያመጡትን ጀበናና ረከቦት አውጥተው በረንዳ ላይ ዘረጉ። ማንንም አልጠሩም። ዕጣኑ ጠራላቸው።

ወላጃችሁን ስታዛውሩ የራሳቸውን ዕቃ እንዳትጥሉባቸው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። ያረጀው መስገጃ፣ የተሰነጠቀው ረከቦት፣ ቁርበቱ ይምጣ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራትም አብራችኋቸው ሁኑ፤ ሱቁን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ የመስጂዱን እናቶች አስተዋውቋቸው። የሚሠሩት ሥራም ይኑራቸው። እናታችን ለግቢው ሕፃናት አሊፍ ባ ያስቆጥራሉ፤ የአከራያችን የልጅ ልጅ አጠገባቸው ተቀምጦ ሀ ሁ ይላል።

ባለፈው ረመዷን አንድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሆኖ የእናታችን ክፍል በር አልተከፈተም። ሌላ ጊዜ በዚያ ሰዓት በረንዳ ላይ ናቸው። እኛ መስጂድ ነበርን። አከራያችን በከዘራቸው በሩን ደበደቡ፤ መልስ ሲያጡ ሁለት ጎረቤት ጠሩ፤ ሦስት ሆነው ሲጮኹ እናታችን በሩን ከፈቱ። ለካ ከሱሑር በኋላ እንቅልፍ ጥሏቸው ኖሯል። ስንመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጠው በጣም ተቆጥተው አገኘናቸው። «ጸጥ ያለ ሰፈር ፈለግንልሽ ብላችሁኝ የለ? እዚህ ሰፈር ሰው አያስተኙም!» አሉን። አከራያችን ከጎናቸው ሆነው ይስቁ ነበር።